የጠዋቱ ቀይ ብርጭቆ፦ የአትክልት ጁስ፣ ልብ ማለትና ራስን መውደድ ምን አገናኛቸው?

ቲክቶክ የሚከፍት ሰው ይህን ቪዲዮ ሳያየው አይቀርም። ንጹሕ ወጥ ቤት፣ የጠዋት ፀሐይ፣ መክተፊያ ላይ ቀይ ሥርና ካሮት። ብሌንደሩ ይጮኻል፣ ደም የመሰለ ጁስ ብርጭቆ ውስጥ ይንቆረቆራል። ከሥሩ «ራሴን መውደድ ጀመርኩ» የሚል ጽሑፍ አለ። ከታች ደግሞ ሰው ይከራከራል። አንዱ «ደም ያጠራል፣ ግፊት ያወርዳል፣ ቦርጭ ያጠፋል» ይላል። ሌላው «ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፋል።

ሁለቱም የተሳሳቱ ይመስለኛል። ጁሱ የሚባልለትን ያህል ተአምር አይሠራም። ነገሩ ግን ጨዋታም አይደለም። ችግሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ተፈጭተው መቅረባቸው ነው፦ ራስን መውደድ፣ ማይንድፉልነስ የሚባለው ልምምድና የአትክልት ጁስ። ለየብቻ እንያቸው።

ራስን መውደድ ራስ ወዳድነት አይደለም ወይ?

በአማርኛ ነገሩ ገና ከስሙ ይከብዳል። «ራስ ወዳድ» ስድብ ነው። አንድ ሰው «ራሴን እወዳለሁ» ሲል ትንሽ የምንሸማቀቀው ለዚህ ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው ከሁሉ በኋላ በምትበላ እናት እጅ ነው። እንግዳ ተስተናግዶ፣ ልጅ ጠግቦ፣ ድስት ታጥቦ፣ እሷ ቆማ የተረፈውን ትቀምሳለች። «እማዬ፣ ብዪ እንጂ» ስትባል «እኔ ጠግቤያለሁ» ትላለች። ይህ ፍቅር ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን እግረ መንገዳችንን ሌላም ነገር ተምረናል፦ ጥሩ ሰው ማለት ራሱን የሚረሳ ሰው ነው ብለን።

ራስ ወዳድ ሰው የሌላውን ድርሻ ይወስዳል። ራሱን የሚወድ ሰው ግን የራሱን ድርሻ አይጥልም። «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ትእዛዝ እንኳ ራስን መውደድን መለኪያ አድርጎ ነው የሚነሳው።

በሥነ ልቦናው ዓለም ብዙ የተጠናው «ለራስ መራራት» በሚለው ስም ነው። ሐሳቡን በጥናት መልክ ያስያዙት በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ክሪስቲን ኔፍ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን አነሱ። አንዱ፣ ስንሳሳት ራሳችንን በደግ ጓደኛ አንደበት ማናገር ነው። ሌላው፣ መሳሳትና መከራ የሰው ሁሉ እንጂ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ማስታወስ ነው። ሦስተኛው የሚሰማንን ስሜት ሳናጋንነውም ሳንሸሸውም እንዳለ ማየት ነው። ይህ ሦስተኛው ራሱ ማይንድፉልነስ ነው።

ሁለቱ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። መራቡን ልብ ያላለ ሰው አይበላም። መድከሙን ልብ ያላለ ሰው አያርፍም።

እሺ፣ ማይንድፉልነስ ምንድን ነው?

ለቃሉ ብዙ የአማርኛ ትርጉም ተሞክሯል። እኔ ከአፋችን የማይጠፋውን እመርጣለሁ፦ ልብ ማለት። «ልብ በል» ስንል አሁን እዚህ ሁን፣ የምትሠራውን እይ ማለታችን ነው። ተቃራኒውንም እናውቀዋለን። «ልቡ እዚህ የለም» እንላለን።

ልባችን እዚህ የማይሆንበት ጊዜ ደግሞ ጥቂት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ የሃርቫርድ ጥናት 2,250 ሰዎችን በስልካቸው በኩል በድንገት እየጠየቀ ነበር፦ አሁን ምን እየሠራችሁ ነው? የምታስቡትስ ስለምትሠሩት ነው ወይስ ስለ ሌላ? ከመልሶቹ 47 በመቶ ገደማ «ስለ ሌላ» የሚል ነበር። ሐሳባቸው ሌላ ቦታ በነበረበት ሰዓት ደስታቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ልምምዱን ወደ ሆስፒታል ያስገቡት ጆን ካባት ዚን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕመማቸው ሥር ለሰደደ ሰዎች ሥልጠና ጀመሩ። ሥልጠናው 8 ሳምንት ይፈጃል። ከመጀመሪያዎቹ ልምምዶች አንዱ አንድ ፍሬ ዘቢብ መብላት ነው። ሠልጣኙ ዘቢቡን መዳፉ ላይ ያገላብጠዋል፣ ያሸተዋል፣ ምላሱ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ያኝከዋል። ዘመኑን ሙሉ በጭብጥ ሲበላው የኖረውን ነገር ያኔ ገና ይቀምሰዋል።

አሠራሩ ይኸው ነው። አንድ ነገር ትመርጣላችሁ፤ ትንፋሽ፣ የእጅ ሥራ ወይም ጣዕም ሊሆን ይችላል። ሐሳባችሁን እዚያ ታሳርፋላችሁ። ሐሳብ ግን ይሄዳል። መሄዱን ስታውቁ ትመልሱታላችሁ። እንደገና ይሄዳል፣ እንደገና ትመልሱታላችሁ። ብዙ ሰው «እኔ አልቻልኩም፣ ሐሳቤ አይሰበሰብም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ልምምዱ ግን ራሱ መመለሱ ነው። ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ አስቡ። ጥጃዋ የሰው ማሳ ውስጥ ትገባለች፣ ልጁ ሄዶ ይመልሳታል። ሄደች ብሎ እረኝነቱን አይተውም። እረኝነቱ እሱ ነው።

ሃይማኖቴን አይነካብኝም ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ካባት ዚን መነሻ ያደረጉት የቡድሃ እምነት ተከታዮችን ማሰላሰል ነው፣ ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። በሆስፒታል የሚሰጠው ሥልጠና ግን ጸሎትም ስግደትም የለበትም። ከጥሞና ወይም ከሱባዔ ጋርም አንድ አይደለም። በጸሎት ልብ ወደ ፈጣሪ ይዞራል። እዚህ ግን እጅ ላይ ወዳለው ካሮት ነው የሚዞረው።

ውጤት አለው?

አለው፣ ግን ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ አንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ግምገማ ከ3,500 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 47 ሙከራዎች ሰብስቦ መረመረ። የማይንድፉልነስ ሥልጠና ጭንቀትን፣ ድብርትንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚቀንስ አገኘ። ከስፖርት፣ ከመድኃኒት ወይም ከሌላ የንግግር ሕክምና ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን አላገኘም። ስለዚህ ከባድ ድብርት ያለበት ሰው ሐኪም ጋ መሄዱን ይህ አይተካለትም።

ጁስ እዚህ ውስጥ እንዴት ገባ?

ዝም ብሎ መቀመጥ ለብዙ ሰው ይከብዳል። እጅ ሥራ ሲይዝ ግን ልብም ይሰበሰባል። ይህን እኛ ከቡና እናውቀዋለን። ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ ለሰው ሁሉ ይዞራል፣ ይወቀጣል፣ ጀበናው ይጣዳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ማንም «ቶሎ በሉ» አይልም። የጠዋት ጁስ ከዚህ ያነሰ ነው፣ ብቻን የሚሠራ ነው፣ 15 ደቂቃም ይበቃዋል። ግን ዓይን፣ እጅ፣ አፍንጫ፣ ጆሮና ምላስ ሁሉም ሥራ ያገኛሉ።

ቀይ ሥርን ውሰዱ። ከውጭ ሲያዩት አፈር የለበሰ ድንጋይ ነው። ለሁለት ስትከፍሉት ግን እንደ ዛፍ ግንድ ክብ በክብ የሆነ መስመር ይወጣል፣ አንዱ ክብ ደማቅ፣ ቀጣዩ ፈዘዝ ያለ። ሽታው ዝናብ የነካው መሬት ነው። ጣት ላይ የቀረው ቀለም ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቦም ጥፍር ሥር ይቆያል። ዝንጅብል ስትልጡ ደግሞ ሽታው ቀድሞ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ አፍ ገና ሳይቀምሰው ምራቅ ይሞላል። ይህን ሁሉ ለማየት ገንዘብ አይከፈልም። ስልኩን ሌላ ክፍል መተው ብቻ ነው።

ጁሱስ ራሱ ምን ይሰጠኛል?

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። ድንች አይቆጠርም። ብዙዎቻችን እዚያ አንደርስም። አንድ ብርጭቆ የአትክልት ጁስ ወደዚያ ትንሽ ይገፋናል።

ካሮት ቤታ ካሮቲን አለው፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ይህ ነገር ያለ ቅባት በደንብ አይዋጥም። ስለዚህ ሩብ አቮካዶ ጨምሩበት። ጎመንና ቆስጣ ብረት አላቸው፣ ግን የቅጠል ብረት ሰውነት ውስጥ ለመግባት ይግደረደራል። ሎሚ ሲጨመርበት በቫይታሚን ሲ ምክንያት ይቀለዋል። ሴት አያቶቻችን ሰላጣ ላይ ሎሚ ሲጨምቁ ይህን ባያውቁትም ልክ ነበሩ።

ቀይ ሥር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ የሚወራው ስለሱ ነውና። ቀይ ሥር ውስጥ ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ስንጠጣው ወደ ደም ይገባል፣ ከዚያ በምራቅ ተመልሶ አፍ ውስጥ ይመጣል። ምላስ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይለውጡትና እንደገና እንውጠዋለን። በመጨረሻ የደም ሥርን የሚያላላ ጋዝ ይሆናል። ቀይ ሥር የደም ግፊትን ዝቅ እንደሚያደርግ በጥናት ታይቷል፣ ምክንያቱም ይኸው ነው። ጀርም በሚገድል የአፍ መጉመጥመጫ የሚጉመጠመጥ ሰው ባክቴሪያዎቹን ስለሚያጠፋ ይህን ጥቅም ያጣዋል።

ለውጡ ግን የጥቂት ነጥብ ነው። አንዲት የማውቃቸው እናት ቀይ ሥር በጀመሩ በወራቸው የግፊት ክኒናቸውን አቆሙ። «እትዬ፣ ክኒኑስ?» ስላቸው «ተይው ልጄ፣ ይኼ ይበቃኛል» አሉኝ። ሲለኩ ግፊታቸው ከበፊቱ ወጥቶ ተገኘ፣ ደግነቱ በጊዜ ተደረሰበት። ቀይ ሥር ክኒንን አይተካም። ጠጡት፣ ክኒናችሁን ግን ያለ ሐኪም አታቁሙ።

በነገራችን ላይ ቀይ ሥር በጠጣችሁ ማግስት ሽንታችሁ ቀላ ቢል ከቀለሙ ነው፣ አትደንግጡ። ካሮት በየቀኑ የሚያበዛ ሰው ደግሞ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ጉዳት የለውም፣ ሲቀንስ ይመለሳል።

«ሰውነት ያጠራል» የሚባለውስ?

ሆድን የማጽዳት ሐሳብ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሰዉ በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚጠጣበት ዘመን ነበር። ኮሶ ግን የሚያወጣው የሚታይ ነገር ነበረው፣ ትል ነበር የሚያወጣው። ዲቶክስ የሚባለው ጁስ ምን እንደሚያወጣ ስሙን የሚጠራ ሰው የለም። ደማችንን ሌት ተቀን የሚያጠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ጤነኛ ከሆኑ ጁስ አይጠብቁም።

እኔም አንድ ጊዜ ለ3 ቀን ጁስ ብቻ ልጠጣ ወስኜ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ምንም ያላጠፋች የሥራ ባልደረባዬ ላይ ጮህኩባት። ማታ ቤቴ ገብቼ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ አሰብኩት። ራሴን እየወደድኩ መስሎኝ ነበር። የማደርገው ግን ሰውነቴን ባለፈው ወር ለበላው ነገር መቅጣት ነበር። ሽሮ ሠርቼ በላሁ፣ በማግስቱ ባልደረባዬን ይቅርታ ጠየቅኋት። ለብዙዎቻችን ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈ ሁሉ ፍቅር አይደለም። ጁስ ከምግብ ጋር ሲሆን መልካም ነው። በምግብ ፋንታ ሲሆን ረሃብ ነው።

መጭመቅ ይሻላል ወይስ መፍጨት?

መፍጨት። ምክንያቱ አሰር ነው፣ ብዙ ሰው ፋይበር የሚለው። አሰር ሆድ የማይፈጨው የአትክልት ክፍል ነው። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ አስቡ። ተራ አስከባሪ ካለ ሰው አንድ በአንድ ይገባል። ተራ አስከባሪው ከሌለ ግፊያ ነው። አሰር ለስኳር እንደ ተራ አስከባሪ ነው። እሱ ሲኖር ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ ይገባል። ጨምቃችሁ ገለባውን ስትጥሉ ተራ አስከባሪውን አባረራችሁት ማለት ነው።

አንድ ብርጭቆ ንጹሕ የካሮት ጭማቂ ለማግኘት ግማሽ ኪሎ ገደማ ካሮት ይሄዳል። ካሮቱን ብትበሉት 14 ግራም ገደማ አሰር ታገኙ ነበር። በጭማቂው ውስጥ የሚቀረው 2 ግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ በብሌንደር ፈጭታችሁ ሳታጠልሉት፣ ወፈር እንዳለ ጠጡት። መፍጨቱም አሰሩን ይሰባብረዋልና ጥሬውን ወይም የበሰለውን አትክልት ሙሉ በሙሉ አይተካም። ጎመን ወጡ ከገበታ አይነሳ።

ስኳሩም ይለያያል። ያ የካሮት ብርጭቆ ወደ 9 ግራም ስኳር አለው። ያን ያህል የብርቱካን ጭማቂ ግን 21 ግራም ገደማ አለው። ማንጎ ወይም ፓፓያ ሲጨመርበት አትክልት መሆኑ ይቀርና የጁስ ቤት ስፕሪስ ይሆናል። ስፕሪስ እወዳለሁ፣ ግን ሌላ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጁስን ስኳር ከሻይ ስኳር ጋር አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው። የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት ደግሞ በቀን ከ150 ሚሊ ሊትር ጁስ አትለፉ ይላሉ። አንዲት አነስተኛ ብርጭቆ ናት።

ማን ይጠንቀቅ?

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው፣ አትክልት ፖታሲየም ስለሚበዛው፣ ሳይጠይቅ አይጀምር። የኩላሊት ጠጠር ይዞት የሚያውቅ ሰው ቀይ ሥርና ቆስጣን ይቀንስ፣ ሁለቱም ጠጠር የሚሠራው ኦክሳሌት በብዛት አለባቸው። የአበሻ ጎመን በዚህ በኩል ይሻላል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን ጎመኑንም ቆስጣውንም በድንገት ማብዛት የለበትም። ቅጠሎቹ ያላቸው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ያዳክማል። ስኳር ያለበት ሰው ጁሱን እንደ ውሃ ሳይሆን እንደ ምግብ ይቁጠረው። ነፍሰ ጡርም ጥሬ ቅጠል ያለበትን ብትተው ይሻላል።

እጥበቱ ለምን ይህን ያህል ይነሳል?

በአዲስ አበባ ዙሪያ ከሚበቅለው ቅጠል የተወሰነው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ ነው የሚለማው። ወንዞቹ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክመው ነው የሚወርዱት። አሜባና ጃርዲያ በዚህ መንገድ ቤታችን ይገባሉ። አቼቶና ሎሚ ላይ መተማመን አይቻልም፣ ቀላል ክሎሪንንም ይቋቋማሉ። የሚያስተማምነው መላጥና ሙቀት ነው። ካሮትን፣ ቀይ ሥርንና ኪያርን በሚወርድ ውሃ እየፈተጋችሁ እጠቡ፣ ከዚያ ላጡ። ቅጠሉን የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምሩትና ጥቂት ደቂቃ ይቀቀል። ከቫይታሚኑ ትንሽ ይቀንሳል፣ እኔ ግን ይህን ልውውጥ እቀበላለሁ። የምትጨምሩት ውሃም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን።

እንዴት ልጀምር?

እኔ የምሠራው ይህን ነው። ትንሽዬ ቀይ ሥር ግማሹ፣ ሁለት ካሮት፣ ግማሽ ኪያር፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ሩብ አቮካዶ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ለሁለት ሰው ይሆናል። ስኳር አልጨምርም። የተረፈውን ክዳን ባለው ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ በዚያው ቀን እጨርሰዋለሁ።

ቢላዋ ከማንሳቴ በፊት ሦስት ጊዜ ረጋ ብዬ እተነፍሳለሁ። ስልጥና ስከትፍ እጄ ላይ ነኝ። ሐሳቤ ወደ ቢሮ ሲሄድ «ሄደ» እላለሁ፣ ወደ ካሮቱ እመለሳለሁ። ስጠጣ ቁጭ ብዬ ነው፣ የመጀመሪያዋን ጉንጭ ሳልውጣት ትንሽ እይዛታለሁ። መጀመሪያ የሚመጣው የካሮቱ ጣፋጭ ነው፣ አፈር አፈር የሚለው ቀይ ሥር ይከተላል፣ ዝንጅብሉ ጉሮሮ ላይ ይጠብቃል።

ባለፈው ሳምንት ብሌንደሩን አስነስቼ ሁለት ጊዜ እንደዞረ መብራት ሄደ። ግማሹ ተፈጭቷል፣ ግማሹ ቁርጥራጭ ነው። ንዴቱ ደረቴ ላይ ሲወጣ፣ መንጋጋዬም ሲጨመደድ ተሰማኝ። ለአፍታ እዚያው ቆምኩና «ተናድጃለሁ» አልኩ። ከዚያ መፈቅፈቂያውን ከመደርደሪያ አወረድኩ፣ የቀረውን ካሮት ፈቀፈቅኩት፣ ሎሚ ጨመቅኩበትና በማንኪያ በላሁት። ውጭ ወፎች ይንጫጩ ነበር። ብሌንደሩ ሲጮህ ሰምቻቸው አላውቅም።